ላሌ የያዘው መፈክር

ጂንካ ውስጥ መፈክር በእጅ መጻፍ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ አንዱ ሱቅ ትገባለህ፣ የምትፈልገውን ትናገራለህ፣ ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ትለቅመዋለች፣ ማሽኑ እያጉረመረመ የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ይተፋል፤ ሻይህን ሳትጨርስ ለምርቃትም ለሠርግም ለስብሰባም የሚሆን ባነር ጠቅልለህ ትወጣለህ። ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የኀዘኑንም የደስታውንም የጻፈው አንድ ሰው ይመስላል። የእኔ ፊደል ግን የእኔ ነበር። «መ»ን ስጽፍ ሁለቱን ክቦች እኩል አላደርጋቸውም፤ የግራዋን ትንሽ አፋፋታለሁ። የውበት ጉዳይ አልነበረም፤ ብሩሼ በአንድ ወገን ፀጉሩ የረገፈ ስለሆነ ነው። ሰው ግን ጌጥ መሰለው፤ እኔም እንዲመስለው ተውኩት።

ስለዚህ ባለፈው በጋ፣ በቅዳሜ ገበያ መሃል፣ ከማር ሻጮቹ ተራ አንድ ሰው እጅጌዬን ይዞ አስቁሞኝ ከቆዳ ከረጢቱ የታጠፈ አቡጀዴ አውጥቶ ሲዘረጋልኝ፣ ሰውየውን ሳላውቀው ጨርቁን አወቅሁት። አቡጀዴው አቧራ መስሏል። ቀዩ ቀለም የደረቀ ድልህ ይመስላል። የግራ ክቧ ያበጠች አንዲት «መ» ብቻ ፈዝዛ ትታያለች፤ እሷ ያለችበት ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ታሽቶ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል፣ ለብዙ ዓመታት በጣት ሲዳበስ የኖረ ይመስል።

«መምህር፣ አላወቅከኝም? ጊኖ ነኝ። የላሌ ልጅ።»

ጎልማሳ ነው። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። እኔ የማውቀው ጊኖ በአባቱ ኋላ ፍየል እየነዳ የሚመጣ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር።

«አባትህ ደኅና ነው?»

«አለ። ተኝቷል፣ አይነሳም። እሱ ነው የላከኝ። ቀለሙ ለቀቀ፣ መምህር ያድስልኝ አለ።»

«በሚቀጥለው ቅዳሜ» አልኩና ጨርቁን ተቀበልኩት። ቤቴ እስክደርስ ድረስ አልዘረጋሁትም። ምን እንደተጻፈበት ለማወቅ መዘርጋት አያስፈልገኝም።

ያ ዘመን ስንት ዓመተ ምሕረት እንደነበር ብትጠይቁኝ እሳሳት ይሆናል፤ ሻይ ስንት እንደነበር ግን አልሳሳትም። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንድ ሜትር አቡጀዴ ሰባት ብር ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር ጂንካ ገና አልደረሰም፤ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቀዩን ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተጫምቶ ይሄዳል። የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል የተዘረጋ ሣር ነበር። ላም ይግጥበታል፣ ተማሪ ያጠናበታል፣ የተጣሉ ፍቅረኞች ጫፍና ጫፉ ላይ ተቀምጠው ይኮራረፉበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ላሙንና ኩርፊያውን ይዞ ዳር ይወጣል። ሞባይል የገዙ ሁለት ሦስት ነጋዴዎች ስልካቸውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ከፍ አድርገው ኔትወርክ ፍለጋ ይንከራተታሉ። እኛ አስተማሪዎች የምንለብሰው ልባሽ ጨርቅ ነበር፤ የእኔ ቡናማ ኮት ከእኔ በሁለት ቁጥር ይበልጣል፣ ከኪሱ ውስጥ የማላውቀው አገር የላውንደሪ ቤት ወረቀት አግኝቼበታለሁ። ያ ኮት ብዙ ነገር ይደብቅ ነበር፤ ክሳቴን፣ የተቀደደ ሸሚዜን፣ በኋላ የምነግራችሁን ነገርም ጭምር።

መኪና ተራው አጠገብ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ጠዋት የሚከፍተውን ዘፈን ማታ ነው የሚዘጋው፤ ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰሞን ከተማው በሙሉ አብሮት ሲተክዝ ከርሟል። በዚያ በምነግራችሁ ዓመት ግን ተክዞ የሚያስተክዘው ዘፈን ቆመና ቀረርቶ ተተካ። ታዞ ይሁን ገበያው ስቦት አላውቅም። የወጣቶቻችን ጦር ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር ገብቷል። ለምን እንደገባ ሬዲዮ በቀን ሦስት ጊዜ ይነግረናል፤ ሦስት ጊዜ የሚነገር ነገር እንደሚያጠራጥር ሬዲዮ አያውቅም። ጂንካ ውስጥ ያንን ጦርነት የወደደ አንድ ሰው አላገኘሁም። ከድጋፍ ሰልፉ የቀረ ሰውም አላገኘሁም።

እኔ ያን ጊዜ ታሪክ አስተምር ነበር፤ ማለትም ሌሎች ያደረጉትን አወራ ነበር። ሰልፍ በመጣ ቁጥር ግን ከክፍል ያወጡኛል፣ ጽሑፌ ስለሚያምር። የሰልፉ አስተባባሪ አቶ ተሾመ የሚባል ሰው ነው። ቅን ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ክፉ ሰው አጠገብህ ቢሆን ትጠነቀቃለህ፤ ቅን ሰው ሲያዝህ ግን እምቢ ለማለት ራሱን የቻለ ጉልበት ይፈልጋል። «መምህር፣ አሥራ ሁለት መፈክር፣ እስከ ዓርብ» ይላል፤ እኔም ባዶ ክፍል ውስጥ ዴስኮቹን ገጥሜ፣ ቀለሙን በናፍጣ አቅጥኜ፣ ስለማላምንበት ነገር በሚያምር ፊደል እጽፋለሁ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚባል ነግረውኛል። ማንበብ ግን ራስን ለማወቅ እንጂ ራስን ለመለወጥ ብዙም አይረዳም።

ከሥራ በኋላ የምውለው እትዬ ብርቄ ሻይ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ አያቷ በበቅሎ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሰፈሩ ውስጥ መጀመሪያ ዲሽ ያስተከለች፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኗ የነጮቹን ከተሞች ያሳያል። ሰው አደባባዩን ሞልቶ፣ ድልድዩን ሞልቶ፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ዓይን ማየት እስከሚችለው ድረስ ይጎርፋል። መንግሥታቸው ሩቅ አገር የከፈተውን ጦርነት አንፈልግም ብለው ነው የወጡት። ሕፃን በትከሻ የተሸከመ አለ፣ አሮጊት በጎማ ወንበር የሚገፋ አለ፣ ውሻውን መፈክር ያለበሰ አለ። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ሰው ሳይጠራ፣ ስሙ ሳይመዘገብ ሰልፍ ሲወጣ አይቼ አላውቅማ።

በሩ ላይ የቆመውን ሰው ያየሁት ሲናገር ነው።

«እነዚህ ሰዎች ምን ሆኑ?»

ላሌ ነው። ላሌ የበና ሰው ነው፤ መንደሩ ከካኮ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ረጅም፣ ወገቡ ላይ ባለመስመር ጨርቅ ያሸረጠ፣ እንደ እነሱ ሽማግሌዎች ሁሉ መቀመጫም ትራስም የምትሆነውን ትንሽ የእንጨት በርጩማ በጣቱ አንጠልጥሎ የሚዞር። ከእኔ ጋር ያስተዋወቀው ትልቁ ልጁ ኦይታ ነው። ኦይታ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሮ፣ ቀበሌው ለውትድርና ሰው በተጠየቀ ጊዜ ተመዝግቦ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ልኮ ነበር፤ ሁለቱንም ለላሌ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ላይ «ነገ ወደማላውቀው ቦታ እንሄዳለን፣ ፍየሏ ወለደች ወይ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ጦሩ ድንበር ተሻገረ፣ ደብዳቤም አልመጣ። ላሌ በየቅዳሜው ጂንካ ድረስ እየመጣ በየቢሮው በር ላይ ይቀመጣል። አንዱ «አይመለከተንም» ይለዋል፤ አንዱ «ሌላ ቀን» ይለዋል፤ አንዱ ልጅህ ዘመተ ብሎ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል።

«ጦርነት አንፈልግም እያሉ ነው» አልኩት።

«ጦርነቱ እዚያ ነው?»

«ሩቅ ነው። ወታደሮቹ ናቸው የሄዱት።»

«ልጆቻቸው?»

«የአንዳንዶቹ።»

«አለቃቸው ሰማ?»

«ሰማ።»

«ተወ?»

«አልተወም።»

«እሺ፣ እነሱ ምን አደረጉ?»

«ሲመሽ ወደ ቤታቸው ገቡ።»

ላሌ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ነው የሳቀው። «ይሄ ሁሉ ሰው ወደ ቤት ገባ? እኛ ነገር ሲኖረን ሄደን እንቀመጣለን። መልስ ሳይሰጡን አንነሳም።»

«ነጭ በርጩማ የለውማ!» አለች እትዬ ብርቄ ከባንኮኒው። «ላሌ፣ አንተ ሄደህ ብታስተምራቸው ጥሩ ነበር። አንተ መምህር፣ አፍህን ግጠም፣ ዝንብ ይገባብሃል።»

ላሌ ቴሌቪዥኑን በጣቱ አሳየኝ። «ያ ጨርቁ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የሚፈልጉትን ጽፈውበት ነው።»

«አንተ መጻፍ ታውቃለህ። ለእኔ ትጽፍልኛለህ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላወቃችሁ ቀሪው አይገባችሁም። በበናዎች ዘንድ ወንድ ልጅ ጎን ለጎን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ሳይሻገር ሙሉ ሰው አይባልም፤ ሚስትም አያገባም። ታናሽ ደግሞ ታላቁን ቀድሞ አይዘልም። ኦይታ የሄደው ሳይዘል ነው። ከሱ ቀጥሎ ጊኖ አለ፤ ለጊኖ ልጅ ታጭታለታለች፣ የልጅቷም ቤተሰብ መጠበቅ ሰልችቶታል። የመንደሩ ሰዎች ለላሌ «ሞቷል በለውና ጊኖ ይዝለል» ብለውታል። ላሌ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሞተ ካሉኝ አለቅሳለሁ። አለ ካሉኝ እጠብቃለሁ። ዝም ሲሉኝ ምን እሠራለሁ? ጊኖ ዘለለ ማለት እኔ ኦይታን በአፌ ቀበርኩ ማለት ነው።»

«እጽፍልሃለሁ» አልኩት። አለ አይደል፣ ሻይ እየጠጣህ የምትለው «እሺ»? እንደዚያ ነበር የጀመረው። በኋላ ግን ነገሩ ያዘኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ የድጋፍ ሰልፍ አለ፤ በየቢሮው በሩን የሚዘጉበት ባለሥልጣኖች ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ናቸው፣ ካሜራም ከሩቅ ይመጣል። በዚያ ሁሉ ደጋፊ መሃል አንድ ጥያቄ ብትቆም ማን አላየሁም ይላል? ይህን ለላሌ ነገርኩት። ዘመዶችህን ይዘህ ና፣ ጨርቁን እኔ አመጣለሁ አልኩት። እንዲህ ያለ ብልሃት በማሰቤ ለሳምንት ያህል ራሴን ስወድ ከረምኩ።

ከአቶ ተሾመ አቡጀዴ ሁለት ሜትር ቀደድኩ። ቤቴ ወስጄ ግድግዳ ላይ ወጠርኩና በዚያው ቀይ ቀለም፣ በዚያው ፀጉሩ በረገፈ ብሩሽ ጻፍኩ፦ «ልጃችን ኦይታ ላሌ የት ነው? በሕይወት መኖሩ ይነገረን።» በዕድሜዬ የጻፍኩት ከሁሉ ያማረ ጽሑፍ ነው። ሌላውን ሁሉ ስጽፍ እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው።

ሰኞ ጠዋት ጨርቁን አጥፌ ከዚያ ሰፊ ኮት ሥር በብብቴ ያዝኩትና ወጣሁ። ሜዳው ሞልቷል። ተማሪው በክፍል በክፍሉ፣ የቢሮ ሠራተኛው በስም ጥሪ፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ቆሟል። የማርሽ ባንዱ ከበሮ በዝናብ ረጥቦ ድምፁ ሳል የያዘው ሰው ይመስላል። መንገድ ላይ አንድ የማውቀው ፖሊስ «መምህር፣ ብብትህን ምን ሆነህ ነው?» ብሎኝ «ብጉንጅ ይዞኝ ነው» ብየዋለሁ። አየህ፣ ገና ሜዳው ሳልደርስ ጥያቄዋን ብጉንጅ አድርጌአት ነበር።

እነሱ በሦስት ሰዓት ግድም መጡ። ሠላሳ ያህል ሰው፣ ከካኮ በኩል ሌሊት ተነስተው በእግር። አንዳንዶቹ በጭቃ በተሠራ ፀጉራቸው ላይ ላባ ሰክተዋል፤ ሁሉም በርጩማ ይዟል። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው። አቶ ተሾመ እየሮጠ መጣ።

«መምህር! አየሃቸው? ማን ጠራቸው?»

«እኔ እንጃ። በራሳቸው የመጡ ይመስለኛል።»

«በራሳቸው!» ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እውነቴን ነው። «ካሜራውን ጥሩልኝ! ፊት ይሁኑ፣ ፊት! አንተ ደግሞ መፈክር ስጣቸው እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?»

መኪና ላይ ከተጫኑት መፈክሮች አንዱን አንስቶ በራሱ እጅ እጄ ላይ አስቀመጠው። ላሌ ፊቴ ቆሟል። ጠዋት ዘይት የተቀባ ፊቱ ያበራል። እኔ አንዱ ክንዴ ጎኔ ላይ ተጣብቋል፣ በሌላው የአቶ ተሾመን መፈክር ይዣለሁ። «የጀግናው ሠራዊታችንን ዘመቻ በሙሉ ልብ እንደግፋለን!» ይላል። ክንዴን ማላቀቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጨርቁ ራሱ ይወድቅ ነበር።

«ይሄ ነው?» አለኝ ላሌ።

አቶ ተሾመ አጠገቤ ነው። ፖሊሱ አጠገቤ ነው።

«ይሄ ነው» አልኩት።

ተቀብሎ ዘረጋው። ፊደሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለከታቸው። «የኦይታ ስም የቱ ጋ ነው?»

እስከ ዛሬ ጣቴን ሳየው የሚያስገርመኝ አለመንቀጥቀጡ ነው። አነሳሁና «ዘመቻ» የሚለው ቃል ላይ አሳረፍኩት። «እዚህ ጋ።»

ላሌ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ነካው። ከዚያ በርጩማውን አስቀምጦ ሜዳው መሃል ተቀመጠ፤ ሠላሳው ሁሉ ተቀመጡ። ጨርቁን እሱና አንድ ዘመዱ ግራና ቀኝ ይዘው ደረታቸው ላይ ዘረጉት። የካሜራው ሰው ተንበርክኮ ቀረጻቸው። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ተፎከረ። ከንግግሩ ውስጥ ላሌ የሚያውቀው ቃል ሲመጣ፣ «ልጆቻችን» የምትለዋ ስትመጣ፣ ጨርቁን ትንሽ ከፍ ያደርግ ነበር።

በስድስት ሰዓት ሰልፉ ተበተነ። ተማሪው እየተጋፋ ሄደ፣ ሱቆች ተከፈቱ፣ ላሞቹ ተመልሰው መጋጥ ጀመሩ። እነላሌ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። አንድ ዝናብ መጥቶ ሄደ። እኔ ሜዳው ዳር የቆመው ዛፍ ሥር ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ክንዴ ደንዝዟል። አሥር ሰዓት ላይ አቶ ተሾመ ተጨንቆ መጣ።

«አሁንም አሉ? ለስላሳ ተሰጥቷቸዋል?»

«ተሰጥቷቸዋል።»

«ኮፍያስ?»

«ተሰጥቷቸዋል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«መልስ ነው የሚጠብቁት» አልኩ። ቀኑን ሙሉ የደፈርኩት ይህችን ብቻ ነው።

«የምን መልስ? ደግፈው የለ እንዴ?» ትንሽ አሰበ። ከዚያ እንደ ገባው ሰው ራሱን ነቅንቆ፣ እኔን አስከትሎ ሄደና የላሌን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «አባባ፣ መልእክታችሁ ደርሶናል። ለበላይ አካል ይተላለፋል። በጣም እናመሰግናለን።»

ላሌ ወደ እኔ ዞረ። የቢሮ አማርኛ ስላልገባው እንዳስረዳው ነው። ከአማርኛ ወደ አማርኛ ተረጎምኩለት።

«ሰምተዋል። ላይ ላሉት እንነግራለን ነው የሚሉት።»

«መቼ ይመልሳሉ?» አለኝ ላሌ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

አቶ ተሾመ «ምን አለ?» ሲለኝ «አመሰግናለሁ ነው የሚለው» አልኩት። ለላሌ ደግሞ «ይመልሳሉ» አልኩት።

ተነሳ። ሠላሳው ተነሱ። ጨርቁን በጥንቃቄ አጠፈው። «ይሄን እወስዳለሁ» አለኝ። «ሲመጡ፣ ማን ነው የጠየቀው ካሉ አሳያለሁ።» ደስ ብሎት ነበር። እንደ ነጮቹ ሳይሆን መልስ ይዞ ወደ ቤቱ እየገባ ነዋ።

ማታ ዜና ላይ ታየ። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ላሌ፣ ጨርቁ፣ ላባው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ አየው። እትዬ ብርቄ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር።

«ሰውየው ጦርነቱን ደገፈ እንዴ? ልጁ የገባበትን?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክለት?»

ሃምሳ ሳንቲሜን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ መምህር ብላ ጠርታኝ አታውቅም። «ጸሐፊው መጣ፣ ሻይ ስጡት» ነበር የምትለው።

ጦሩ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ ተባለ። የተወሰኑ ልጆች በጭነት መኪና ወደየመንደራቸው ሲያልፉ አይቻለሁ፤ ኦይታ አልነበረም። ሞቷል የሚል ወረቀትም አልመጣም። የነጮቹም ጦርነት ያ ሁሉ ሰው አደባባይ ወጥቶም ቀጠለ፤ ሌላም ተጨመረበት። በኋላ ተማሪዎቼ ስለ ሰልፍ ጥቅም ድርሰት ጽፈው ሲያመጡልኝ ጎበዙን ልጅ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ አሰቃየሁት፤ ሰልፍ ምንም አይለውጥም የሚል ፍልስፍና ይዤ ነበር፣ በስብሰባም በሻይ ቤትም እሟገትበት ነበር። ዛሬም ያንን ሐሳቤን አልተውኩትም፤ አንድ ነገር ግን ጨምሬበታለሁ። እነዚያ ወደ ቤት የገቡት ሚሊዮኖችና እነዚህ የተቀመጡት ሠላሳዎች ሁለቱም አልተሰሙም። ነጮቹ ግን ቢያንስ የያዙት የራሳቸውን ጽሑፍ ነበር።

አሁን ጨርቁ እንደገና ቤቴ ነው። ማን ይጠየቅ? አቶ ተሾመ ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል። ይሠራበት የነበረው ቢሮ ስሙ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ክልሉ ራሱ ተከፍሎ ሌላ ስም ወጥቶለታል፤ በሩ ላይ የነበረውን ሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፣ እሱም በላስቲክ ተተክቷል። መኪና ተራው አጠገብ የነበረው ካሴት ቤት የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አራት ቀን አየሁት። ምን ብዬ ላድሰው? የነበረውን ባደምቀው ውሸቱን ሁለተኛ መጻፌ ነው። ሌላ ብጽፍበት ያ ሰውዬ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ተኝቶ በሚሞትበት ፍራሽ ላይ ምን ሊሆን ነው?

ዓርብ ዕለት ሣጥኔን ከፈትኩ። የድሮውን ኮት ለማንም አልሰጠሁትም፤ በውስጡ የታጠፈውን ጨርቅም እስከዚያ ቀን አላወጣሁትም ነበር።

ቅዳሜ ጊኖ ማሩን ዘርግቶ እየጠበቀኝ ነበር። ሁለቱን ጨርቅ ይዤ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ።

«ጊኖ፣ የምነግርህ ነገር አለ። ይሄ ጨርቅ…»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ካኮ የጎልማሶች ትምህርት ከፍተው ነበር። ፊደል ቆጠርኩ። መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ ይሄ ነው።»

ዝንቦቹን ከማሩ ላይ አባረረ።

«ለአባትህ አልነገርከውም?»

«ምን ብዬ? ፀሐይ ስትጠልቅ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ ያወጣዋል፣ ስሙን በጣቱ ይነካል። ምን ብዬ ልንገረው?»

«ለእኔስ? በየቅዳሜው እዚህ ነህ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተህ…»

«አንተ ታውቃለህ እኮ» አለኝ።

በቁጣ አልነበረም። ማሩ ስንት እንደሆነ እንደሚነግረኝ ነበር የተናገረው።

ሌላኛውን ጨርቅ ሰጠሁት። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ፊደል በከንፈሩ እየቀመሰ አነበበው። «ልጃችን… ኦይታ… ላሌ… የት ነው።» ኦይታ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ቀለሙ አዲስ ነው» አለ።

«ያን ቀን የጻፍኩት ነው። ፀሐይ አይቶ አያውቅም።»

አጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው። አሮጌውን መልሶ ወደ እኔ ገፋ። «ይሄ የአንተ ነው» አለኝ።

ከወር በኋላ መጣ፣ ራሱን ለኀዘን ተላጭቶ። ገና ሳይነግረኝ ገባኝ።

«አየው?» አልኩት።

«አየው። ዓይኑ ትንሽ ያያል። መምህር አሳመረው አለ። ስሙን አሳየኝ አለ፣ ጣቱን ይዤ አስነካሁት። በፊት እዚህ አልነበረም፣ ተዛወረ እንዴ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«መምህር አስተካከለው አልኩት።»

ገበያው ይጮሃል፤ አንድ ባጃጅ ሙዝ የተሸከመች ሴትዮ ሊገጭ ሲል ለጥቂት ተረፈች፣ ሰው ሳቀ። እኔ ጅል ሰው የሆነ ነገር መናገር አለብኝ ብሎ የሚያስብበት ሰዓት ደረሰብኝ።

«እንግዲህ አሁን መዝለል ትችላለህ» አልኩት። «እስከ ዛሬ የከለከለህ አባትህ ነበር። አሁን የሚከለክልህ የለም።»

ጊኖ ሰነፍ ተማሪ የሚያይ አስተማሪ እንደሚያይ አየኝ።

«አባት ሲሞት ከብቱም ፈቃዱም ለታላቅ ልጅ ነው» አለኝ። «አሁን የማስፈቅደው ኦይታን ነው።»